መኪናው ከፊታችሁ ይምጣ

ውጭ የምትሮጡ ሰዎች፣ ይቺን ልብ በሉልኝ። የእግረኛ መንገድ ካለ እሱ ላይ ሩጡ። ከሌለ ግን መኪናዎቹ ከፊት ለፊታችሁ በሚመጡበት በኩል ሁኑ። ብዙ ሰው መኪናውን ከኋላው አድርጎ ይሮጣል፤ ይሄ በጣም ያሳስበኛል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከኋላ ከመጣ ዞር እስክትሉ ደርሶባችኋል። ከፊት ሲመጣ ግን ሹፌሩ ስልኩን እየነካካ እንደሆነ እንኳ አይታችሁ ከአስፋልቱ ለመውረድ ጊዜ አላችሁ።

መንገዱ ወደ እናንተ በኩል በኃይል የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ ሹፌሩም አያያችሁም፣ እናንተም አታዩትም። ስለዚህ ኩርባው ጋ ሳትደርሱ ግራ ቀኙን አይታችሁ ተሻገሩ፤ ካለፋችሁት በኋላ ወደ ቦታችሁ ተመለሱ።

ጨለማ ላይ ነጭ ቲሸርት ብቻውን አይበቃም። መብራት ሲያርፍበት የሚያንጸባርቅ ነገር ያስፈልጋል፤ በተለይ ቁርጭምጭሚት ላይ ቢታሰር ጥሩ ነው። እግር ስለሚንቀሳቀስ ሹፌሩ የሚያየው ሰው መሆኑን ቶሎ ይለያል።

ሙዚቃ የግድ ካላችሁ አንዱን ጆሮ ክፍት ተዉት። ውሻ ቢያሳድዳችሁ ሩጫውን አቁሙ፤ መሮጥ ይብሱን ያነሳሳዋል። ዓይን ዓይኑን ሳታዩት፣ ጀርባ ሳትሰጡት ቀስ ብላችሁ ራቁ።

ስትወጡም በየት በኩል እንደምትሮጡና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። ስልክ ይዛችሁ ውጡ፤ የቅርብ ሰው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀትም ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።