ከድሬዳዋና ከሐረር ለሳይንስ ትምህርት ወደ ውጭ ለወጣችሁ

ከሐሮማያ ወይም ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃችሁ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ አገር የገባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ቤት ተከራይታችሁ የባንክ ሂሳብ ከከፈታችሁ በኋላ የስማችሁን ጉዳይ አስተካክሉ። እኛ በቤተሰብ ስም ፈንታ ከስማችን ቀጥሎ የአባትና የአያት ስም ስለምንጽፍ አንዱ ጆርናል በአባታችሁ፣ ሌላው በአያታችሁ ስም ሊመዘግባችሁ ይችላል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም አጻጻፉ በየጊዜው ይለያያል። ስለዚህ ፓስፖርታችሁ ላይ ባለው አጻጻፍ ጽኑ፤ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከመላካችሁ በፊትም ኦርሲድ የተባለውን ባለ16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ በነጻ አውጡ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ከአማካሪያችሁ ጋር የሚኖራችሁ ግንኙነት ነው። እኛ ዘንድ በመምህር ፊት ዝም ማለት የጨዋ ልጅ ምልክት ሆኖ ሳለ፣ በብዙ የውጭ ላቦራቶሪዎች ዝም ያለ ተማሪ ወይ ሥራው አልገባውም ወይም ግድ የለውም ተብሎ ይገመታል። በስሜ ጥሩኝ ካሏችሁ ሳታፍሩ በስማቸው ጥሯቸው። ከሳምንታዊው ውይይት በፊት ባለው ምሽት የሠራችሁትን፣ ያልተሳካውንና መልስ የምትፈልጉበትን ጥያቄ በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ላኩ፤ ከውይይቱ በኋላ ደግሞ የተስማማችሁበትን በአጭር ኢሜይል አረጋግጡ። የከሸፈ ሙከራን እስኪስተካከል ደብቆ መያዝ ወራትን ያስበላልና በዚያው ሳምንት ተናገሩ። በላቦራቶሪ መዝገባችሁ ላይ ቀኑን፣ የኬሚካሉን የምርት ቁጥርና የማሽኑን አሠራር በእስክሪብቶ መዝግቡ፤ በብጣሽ ወረቀት ላይ የተጻፈ ውጤት ገምጋሚ ሲጠይቅ አይገኝም። የጽሑፉ ደራሲዎች እነማን እንደሚሆኑና በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰፍሩም ሥራው ሲጀመር ጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

የምርምር ርዕስ ስትመርጡ ካደጋችሁበት አገር የምታውቁትን አትናቁ። በቀድሞው አለማያ ኮሌጅ፣ በዛሬው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና የሐረርጌ ገበሬ ጠንቅቆ የሚያውቀውን አቀንጭራ የተባለ ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት ሥራቸው ነው፤ አረሙን ከመቋቋሚያ መንገዶቹ አንዱ የአረሙን ዘር የሚቀሰቅሰውን ንጥረ ነገር ከሥሩ በብዛት የማያመነጭ ማሽላ ማዳቀል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለች ትንኝም በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። ውኃ ሲጠፋ በርሜልና ሮቶ ሞልቶ ማቆየትን የለመደ የድሬ ልጅ የቱን ዕቃ፣ በየትኛው ወር መመርመር እንዳለበት ከማንም በተሻለ ያውቃል። ሆኖም ከአገር ቤት የዘርም ሆነ የደም ናሙና ከመውሰዳችሁ በፊት የሚመለከታቸውን መሥሪያ ቤቶች ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ይሁንታ በጽሑፍ ያዙ፤ ይህ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ቀድማችሁ ጀምሩ።

አሜሪካ ያላችሁ የቪዛችሁን ዓይነት ለዩ። ኤፍ-1 በተባለው የተማሪ ቪዛ ለገባ የሳይንስ ተመራቂ ከ12 ወር የሥራ ፈቃድ በኋላ የ24 ወር ማራዘሚያ ሊሰጠው ይችላል፤ ጄ-1 በተባለው የልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ ከገቡት አንዳንዶቹ ግን ሁለት ዓመት አገር ቤት የመቆየት ግዴታ አለባቸው።

ከሦስተኛ ዲግሪ በኋላ ለሚያዝ የምርምር ሥራ (ለድኅረ ዶክትሬት) የሚያስፈልገው የድጋፍ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ሰዎች ስለሚጠየቅ፣ ከአማካሪያችሁ ሌላ ሥራችሁን በቅርብ የሚያውቁ ሁለት ተመራማሪዎች ይኑሯችሁ። ደብዳቤውን ስትጠይቁም የሥራ ታሪካችሁን፣ የቦታውን ማስታወቂያና የመጨረሻውን ቀን አያይዛችሁ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ላኩላቸው።