በድሮ ጉብታ ውስጥ የተገኘ የአንግሎ ሳክሰን መቃብር፦ እንዴት ይለያል፣ እንዴት ይመዘገባል

በእንግሊዝ ሜዳዎች ላይ የሚታዩት ክብ የመቃብር ጉብታዎች አብዛኞቹ የነሐስ ዘመን ሥራ ናቸው፤ በግምት ከ2200 እስከ 1500 ቅ.ል.ክ. ባለው ጊዜ ተከምረዋል። ወደ ጎን የረዘሙት ደግሞ ከዚያም በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ። ከሮማውያን በኋላ በእንግሊዝ የሰፈሩት የጀርመን ወገን ሕዝቦች፣ አንግሎ ሳክሰኖች፣ በተለይ በ6ኛውና በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ.፣ የራሳቸውን ሙታን ወስደው እነዚሁ ጉብታዎች ውስጥ ወይም ዙሪያቸው ቀብረዋል። ስለዚህ የነሐስ ዘመን ነው ብሎ ጉብታ የከፈተ ቆፋሪ የብረት ቢላና የጋሻ እምብርት (በጋሻ መሐል የሚገባ የብረት ጉልላት) ቢያገኝ አይግረመው።

ዋናው ጥያቄ ግን «የማን አፅም ነው?» አይደለም፤ «ጉብታውና መቃብሩ የትኛው ይቀድማል?» ነው። አንግሎ ሳክሰኖች አዲስ ጉብታም ይከምሩ ነበር፤ በምሥራቅ እንግሊዝ ያሉት የሰተን ሁ ጉብታዎች የራሳቸው ሥራ ናቸው። ጉድጓዱ ጉብታውን ከላይ ሰንጥቆ ከወረደ መቃብሩ ኋላ የመጣ ነው። የጉብታው አፈር ሳይነካ ጉድጓዱን ከድኖት ከተገኘ ግን ጉብታው ለዚያ ሟች ተከምሯል። ይህን የሚመልሰው የጉድጓዱ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ጠርዙ ሳይታይ ከተቆፈረ በኋላ የትኛውም ላቦራቶሪ አይመልሰውም።

ከአካፋ በፊት

የካውንቲውን (የአውራጃውን) የቅርስ መዝገብና የቅርስ ጥበቃ ተቋም የሆነውን የሂስቶሪክ ኢንግላንድን ብሔራዊ ዝርዝር ፈትሹ። ከዚያ የ19ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የኦርድናንስ ሰርቬይ (የብሔራዊው ካርታ ሥራ ተቋም) ካርታ ከሊዳር ምስል ጋር አስተያዩ፤ ሊዳር ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካ የመሬት ገጽ ምስል ነው፣ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው (ኢንቫይሮንመንት ኤጀንሲ) ሊዳር በነፃ ይገኛል። በኮምፒውተር ምስሉ ላይ የሚጣለውን ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አታብሩት፤ ከብርሃኑ ጋር ትይዩ የሆነ ቦይ ይጠፋል። ቢያንስ ከአራት አቅጣጫ አብርታችሁ እዩ። በእርሻ የተደመሰሰ ጉብታ በሊዳር ላይታይ ይችላል፤ በደረቅ በጋ ከአየር የተነሣ ፎቶ ላይ ግን የዙሪያው ቦይ በሰብሉ መካከል እንደ አረንጓዴ ቀለበት ይወጣል።

የቦታ ስምም ይረዳል። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ህላው» እና «ቤኦርግ» ጉብታን ያመለክታሉ፤ በዛሬ ስሞች መጨረሻ ላይ የሚሰማው «ሎው» ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የመጣ ነው። በዊልትሸር የሚገኘው የስዋሎክሊፍ ዳውን ጉብታ በ940 በተጻፈ የመሬት ሰነድ ውስጥ «ፖሰስ ህላው» ተብሎ ተጠቅሷል። የዚህ ዓይነት ሰነዶች ድንበር ሲዘረዝሩ «የአረማውያን መቃብር» የሚል ምልክትም ይጠቅሳሉ። ሆኖም ሁለቱም ቃላት ተራ ኮረብታንም ሊጠሩ ስለሚችሉ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሐሰተኛ ጉብታዎችም አሉ። የመካከለኛው ዘመን የነፋስ ወፍጮ የቆመበት ጉብታ ከውስጡ የመስቀል ቅርጽ ያለው ቦይ ይወጣል። ለጥንቸል እርባታ የተሠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሞላላና ዝቅ ያለ ነው። አናቱ ላይ ጎድጓዳ ነገር ካያችሁ የ18ኛው ወይም የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅርስ አዳኞች መሐሉን ወግተውታል ማለት ሊሆን ይችላል። ተስፋ አትቁረጡ፤ እነሱ የሚወርዱት በመሐል ነበር፣ የኋላ ዘመን መቃብሮች ግን ብዙ ጊዜ በጫፍና በቦዩ ውስጥ ይገኛሉ።

ፈቃድ

ጉብታው በ1979ኙ የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ የተጠበቀ ከሆነ ያለ ፈቃድ መቆፈርም ሆነ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ መጠቀም ወንጀል ነው። የሰው አፅም ለማንሣት ከፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ይወሰዳል። ሳይጠበቅ አፅም ከወጣ ሥራ ይቆምና ለፖሊስ ይነገራል። ወርቅ ወይም ብር ከተገኘ በ1996ቱ የውድ ሀብት ሕግ መሠረት በ14 ቀን ውስጥ ለኮሮነሩ (አሟሟትንና የተገኘ ውድ ሀብትን ለሚመረምረው ባለሥልጣን) ይገለጻል።

ቁፋሮው

ጉብታውን አራት ሩብ አድርጉትና በመካከላቸው ከ50 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ስፋት ያለው ሳይቆፈር የሚቆይ የአፈር ግድግዳ ተዉ። ተቃራኒ የሆኑትን ሁለት ሩቦች አስቀድሙ። የግድግዳው ገጽ በ1:10 ወይም በ1:20 መጠን ሳይሳል አይፈርስም፤ ጉድጓዱ ከየትኛው ንብርብር እንደጀመረ የሚያሳየው እሱ ነውና።

በጠመኔ ድንጋይ በተከመረ ጉብታ ላይ የመቃብር ጠርዝ ማየት አስቸጋሪ ነው፤ ነጭ በነጭ ውስጥ ተቆፍሮ በዚያው ነጭ ተሞልቷል። ገጹን በእጅ መፋቂያ አጽዱ፣ ውኃ ነስንሱበትና ሲደርቅ ጠብቁ። የተሞላው አፈር ከዙሪያው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ስለሚደርቅ የጉድጓዱ ቅርጽ ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ይላል፤ ያኔ ፎቶ አንሡ። በቦይ ውስጥ ያለው የባሰ ነው። አንግሎ ሳክሰኖች ሲደርሱ ቦዩ በአብዛኛው በደለል ሞልቶ ነበር፤ እነሱም ደለሉን ቆፍረው በዚያው ደለል መለሱት። የቦዩን የላይኛውን ሙሌት በማሽን የሚያነሣ ሰው መቃብሮቹንም አብሮ ያነሣል።

አፅሙ ከተገለጠ በኋላ አቀማመጡን እዩ። የነሐስ ዘመን ሟች ብዙ ጊዜ ጉልበቱን አጥፎ በጎኑ ይተኛል፣ ወይም ተቃጥሎ በሸክላ ዕቃ ይቀበራል። የአንግሎ ሳክሰኑ በጀርባው ተዘርግቶ፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ወደ ምዕራብ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ በዮርክሸር ጉልበታቸውን ያጠፉ አንግሎ ሳክሰኖች በርካታ ናቸው። ስለዚህ አቀማመጥ ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም።

በመቃብሩ ሙሌት ውስጥ የነሐስ ዘመን የሸክላ ስባሪ መገኘቱም ዘመኑን አይወስንም፤ ከተሰነጠቀው ጉብታ የገባ ነው። ዘመን የሚሰጠው ከሁሉ ኋላ የተሠራው ዕቃ ነው። የተበሳ የሮማ ሳንቲም በሴት አንገት ላይ ቢገኝ ሮማዊት አያደርጋትም፤ አሮጌ ሳንቲም እንደ ጌጥ ይንጠለጠል ነበር። የተቆራረጠ የቀድሞ አፅም በሙሌቱ ውስጥ ከተበተነ ለብቻው ቁጥር ስጡት፤ ከባለ መቃብሩ አጥንት ጋር በአንድ ከረጢት ከገባ በኋላ መለየቱ ትልቅ ጣጣ ነው።

ብረት ላይ ብሩሽ አታሳርፉ። በዝገቱ ውስጥ የጨርቅና የእንጨት ቅርጽ ማዕድን ሆኖ ይቆያል፣ ስለዚህ ማጽዳት ከኤክስሬይ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ሚስማርና የብረት ማያያዣ ቦታውና ከፍታው ይለካ። ስዋሎክሊፍ ላይ በ1966 በተደረገ ቁፋሮ በነሐስ ዘመን ጉብታ መሐል የተገኘችው የ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወጣት በአልጋ ላይ እንደተቀበረች የታወቀው እንጨቱ በስብሶ በቀሩት ብረቶች ነው። በአሸዋማና አሲዳማ አፈር ደግሞ አጥንት ራሱ ይሟሟል፤ ጥቁር የሰውነት ጥላ ብቻ ከቀረ እሱም አፅም ነውና እንደ አፅም ይሳል።

ዕቃ የሌላቸው

ከ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ በኋላ ዕቃ አብሮ መቅበር ስለቀረ ዕቃ አልባ መቃብር በዓይን ዘመን አይሰጥም። ራሱ የተቆረጠ፣ እጁ ወደ ኋላ የታሰረ፣ አቅጣጫው ከሌሎቹ የተለየ ሰው ካገኛችሁ ጉብታው መግደያ ቦታ ሆኖ ሊሆን ይችላል። በምሥራቅ ዮርክሸር ዋልኪንግተን ዎልድ በ1960ዎቹ ከነሐስ ዘመን ጉብታ ላይ የወጡት ራስ አልባ አፅሞች መጀመሪያ የሮማ ዘመን ማብቂያ እልቂት ሰለባዎች ተብለው ተገምተው ነበር። በሬዲዮካርቦን (በአጥንት ውስጥ በቀረው የካርቦን ጨረር ዘመን በሚለካበት ዘዴ) ሲመረመሩ ግን ከ7ኛው እስከ 11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተለያየ ጊዜ የተቀበሩ መሆናቸው ታየ። ስለዚህ ከአንድ አፅም ብቻ ናሙና ወስዶ ለሁሉም መደምደም አይቻልም።

ናሙናው አጥንቶቹ በየቦታቸው ከተያያዙበት አፅም ይወሰድ። ሟቹ የባሕር ዓሣ አዘውትሮ ይበላ ከነበረ ውጤቱ ከእውነተኛው ዘመን ስለሚያረጅ አመጋገቡን የሚያሳይ የካርቦንና የናይትሮጅን አይሶቶፕ ልኬት አብሮ ይታዘዝ። የሬዲዮካርቦን ውጤት ወደ ዓመት የሚቀየርበት ማስተካከያ መስመር በ7ኛው መጨረሻና በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠፍጣፋ ስለሆነ መልሱ ለአስርት ዓመታት ሊዘረጋ ይችላል። በዚያ ጊዜ በ1:10 የተሳለው የግድግዳ ገጽ፣ የትኛው ጉድጓድ የትኛውን እንደቆረጠ በማሳየት፣ ዘመኑን ያጠባል።