የሺፍት ሠንጠረዥ አወጣጥ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሰው ለሚመድቡና ለሚመደቡ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሌት ተቀን የሚሠራ ፋብሪካ ቀኑን ብዙውን ጊዜ ለሦስት ይከፍለዋል፦ ከጠዋቱ 12 እስከ ቀኑ 8፣ ከዚያ እስከ ማታ 4፣ ከዚያ እስከ ንጋት 12። ሠራተኛ ለቆ ሲሄድ ወሬው ሁሉ ስለ ደመወዝ ነው፤ ደመወዙም ቢሆን ያንሳል። ሰውን ቀስ በቀስ የሚያደክመው ግን ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ነው፤ እሱን ማስተካከል ደግሞ ከደመወዝ ጭማሪ በጣም ይቀላል።

መጀመሪያ የሚታየው የሚዞርበት አቅጣጫ ነው። ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት ይዙር። ሰውነት ከለመደው ሰዓት ዘግይቶ መተኛት አይከብደውም፤ ቀድሞ ተኛ ሲባል ነው እምቢ የሚለው። ወደ ኋላ የሚዞረው በሂሳብም አያዋጣም። ማታ 4 የወጣ ሰው በማግስቱ ጠዋት 12 ግባ ከተባለ በመካከል ያለው 8 ሰዓት ብቻ ነው። ቤቱ ደሴ ከሆነ፣ ያንን ሁሉ ዳገት ወጥቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ሌሊት ተነስቶ መልሶ እስኪወርድ ድረስ የሚተርፈው እንቅልፍ 5 ሰዓት ከሞላ ጥሩ ነው። በሁለት ሺፍት መካከል ከ11 ሰዓት ያነሰ ዕረፍት አታድርጉ።

እሑድንም የማይዘጋ ፋብሪካ በሦስት ቡድን አይዘልቅም፤ አራት ያስፈልጉታል። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ቀን ጠዋት፣ ሁለት ቀን ከሰዓት፣ ሁለት ሌሊት ይሠራና ሁለት ቀን ያርፋል። ዙሩ 8 ቀን ነው። በ8 ቀን ውስጥ 48 ሰዓት ይሠራል፣ ይህም በሳምንት ሲታሰብ 42 ሰዓት ይመጣል። የመጨረሻው ሌሊት ንጋት 12 ላይ አልቆ ቀጣዩ ጠዋት እስኪጀምር ድፍን 48 ሰዓት አለ። አንዳንድ ኃላፊ «ሰውነታቸው እንዲለምድ» ብሎ አንድ ቡድን ወር ሙሉ ሌሊት ያስገባል። አይለምድም፤ በዕረፍት ቀኑ ከቤተሰቡ ጋር ቀን ስለሚውል የለመደውም ይፈርሳል።

ጥሩ ሠንጠረዥ የሚበላሸው በቅያሬ ነው። አንድ ሰው ሲቀር ሱፐርቫይዘሩ ስልኩን አንስቶ እሺ ባዩን ይጠራል፤ በወሩ መጨረሻ ሲታይ የተጠራው ያው አንድ ሰው ነው። ቅያሬ በደብተር ይመዝገብ፤ ማን ስንቴ እንደተጠራ ይታይ። ሠንጠረዡ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይለጠፍ። የረመዳን ወር ከመግባቱ በፊት ደግሞ የከሰዓት ሺፍት ዕረፍት ከመግሪብ ጋር እንዲገጥም አድርጉ። ፆመኛ ማሽን ላይ ቆሞ አዛን ከሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ ማለት ለሥራውም ለሰውየውም አይበጅም።

በሕግ በኩል መያዝ ያለበት ብዙ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ኦቨርታይም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያው ከጠዋት 12 እስከ ማታ 4 ላለው የሰዓት ደመወዝ በ1.5፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። የሰዓቱ 20 ብር የሆነ ሰው ለአንድ የሌሊት ኦቨርታይም ሰዓት 35 ብር ያገኛል ማለት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ 1.75 የኦቨርታይም ክፍያ ነው። ተራው ደርሶት በመደበኛ ሰዓቱ ሌሊት የገባ ሰው ተጨማሪ የሚያገኘው በሕብረት ስምምነት ወይም በውሉ ከተጻፈ ነው። ነፍሰ ጡርን ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ማሠራትም ኦቨርታይም ማስገባትም ክልክል ነው።

የሥራ ቦታውም ከሰዓቱ ጋር አብሮ ይታሰባል። ፋብሪካው የጨርቃ ጨርቅ ከሆነ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ አንድ ክንድ ርቆ የቆመን ሰው ለማነጋገር መጮህ ካስፈለገ ድምፁ 85 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። 85 ለ8 ሰዓት የሚፈቀድ መጠን ነው፤ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ 4 ሰዓት ኦቨርታይም ጆሮ ላይ የሚጨምረው ከደመወዙ ወረቀት ላይ አይታይም። ከማሽኑ ሥር ጥጥ አንስቶ ጆሮ መወተፍ ብዙም አይከላከልም። የስፖንጁ መሰኪያ በጣት ተድቦልቡሎ ይቀጥናል፤ በሌላኛው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ስቦ ይገባል፤ እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ በጣት ተይዞ ይቆያል። እጅ ሳይታጠቡ ማስገባት የጆሮ ቁስል ያመጣል።

ክር ክፍል ውስጥ ደግሞ ጠላቱ የጥጥ ብናኝ ነው። ምልክቱ ግራ ያጋባል፦ ደረት የሚጨንቀው ከዕረፍት በተመለሱበት የመጀመሪያ ቀን ነው፣ በማግስቱ ይሻላል። ሰው «ጉንፋን ነው» ብሎ ያልፈዋል። እያደር ሳምንቱን ሙሉ ይቆያል፣ ከዚያም ሳንባውን እስከ ወዲያኛው ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ጋ ሲሄዱ የትኛው ቀን እንደሚብስ ይናገሩ። ማሽን በአየር ግፊት እየነፉ ማጽዳት ብናኙን ከወለል ወደ አፍንጫ ማንሳት ነው፤ በመምጠጫ ይጸዳ። ሻሽ አፍ ላይ ማሰር ደቃቁን አያስቀርም፤ ኤን 95 ዓይነት ጭምብል ይሻላል።

ሌሊት ለሚገባ ሰው፦ ከባዱ ሰዓት ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ነው፤ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ፣ በተለይ ጥገና፣ ከዚያ በፊት ይለቅ። ቡና ከሌሊቱ 8 በኋላ ይቁም፣ አለዚያ ጠዋት ዓይን አልከደን ይላል። በዕረፍት ሰዓት ማሸለብ የሚፈቀድ ከሆነ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ሲነቁ ያደነዝዛል። ቤት ሲደርሱ ቀለል ያለ ነገር ቀምሶ ወዲያው መተኛት ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ቆላ ነች፤ ከረፋዱ 4 ጀምሮ የቆርቆሮው ጣራ ይግላል፤ መስኮቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ መስቀልና ኮርኒስ ያለውን ክፍል መምረጥ ያግዛል። አከራይና ጎረቤት የሌሊት ተራዎን ይወቁት፤ የቡና ሙቀጫ ከግድግዳው አጠገብ እንዳይወቀጥ መለመን ነውር የለውም።

የሰርቪስ ሹፌሩን ብዙ ሠንጠረዥ ይረሳዋል። ማታ 3 ሰዓት ከደሴ ሠራተኛ ይዞ የወረደው ሰው ንጋት 12 ላይ ያው እሱ ከሆነ የሚመልሳቸው፣ ሌሊቱን ወንበር ላይ ተጣጥፎ ነው ያደረው። ክረምት ላይ መንገዱ በጉም ሲሸፈን ያንን ጠመዝማዛ የሚወጣው እሱ ነው። ስሙ ከኦፕሬተሮቹ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ይግባ፤ የ11 ሰዓቱ ዕረፍት ለእሱም ይቆጠር፤ የሚያወርድና የሚያወጣ ሹፌር ይለያይ።