ስለ ደሃ የገጠር ትምህርት ቤት ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ቤት ልግዛ ያለ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ትምህርት ቤቱን ነው። ስልኩን ያወጣል፣ ከአስር ስንት እንዳገኘ ያያል። ሦስት ከሆነ "ይሄ ሰፈር አይሆንም" ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኔም እንደዛው አድርጌያለሁ። ልጅ ያለው ሰው ምን ያድርግ?

ግን ያ ሦስት ከየት መጣ? ብዙዎቻችን "መምህራኑ ሰነፎች ናቸው፣ ወላጆቹ ግድ የላቸውም" ብለን እናልፈዋለን። እኔ ይሄን ማለት ያቆምኩት የሃሊፋክስን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ነው።

ሃሊፋክስ ከስቴቱ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከቨርጂኒያ ድንበር ብዙ ሳይርቅ ያለ የገጠር ካውንቲ (ከስቴት በታች ያለ የአስተዳደር አካባቢ) ነው። ከዲሲ በአይ 95 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ የነዳ ሰው አቋርጦት አልፏል። ሕዝቡ 50 ሺህ አይሞላም። ኖርዝ ካሮላይና 100 ካውንቲና 115 ስኩል ዲስትሪክት (የራሱ ቦርድ ያለው የትምህርት ቤቶች አስተዳደር) አላት። አብዛኛው ካውንቲ አንድ ዲስትሪክት ብቻ አለው ማለት ነው። ይሄ ትንሽ ካውንቲ ግን ሦስት አለው፤ የሮኖክ ራፒድስ ከተማ፣ የዌልደን ከተማ፣ እና የቀረውን ገጠር የሚይዘው የካውንቲው ዲስትሪክት። በሮኖክ ራፒድስ ለረጅም ዘመን ነጭ ተማሪዎች ይበዙ ነበር። የሌሎቹ የሁለቱ ተማሪዎች ከሞላ ጎደል ጥቁሮች ናቸው። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የሚከተሉት ስህተቶች እኛም፣ ጎረቤቶቻችንም፣ አንዳንዴ ጋዜጠኞችም የምንሠራቸው ናቸው።

"ግብር ስለማይከፍሉ ነው" ማለት

ይሄን ስህተት በቀላል ሂሳብ ማየት ይቻላል። የንብረት ግብር የሚሰላው በየመቶ ዶላሩ ስንት ሳንቲም እየተባለ ነው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ካውንቲ እናስብ። የአንዱ ቤትና መሬት ሁሉ ተደምሮ 3 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል፤ ተማሪዎቹ 6 ሺህ ናቸው። የሌላው 60 ቢሊዮን ያወጣል፤ ተማሪዎቹ 30 ሺህ ናቸው። ሁለቱም በመቶ ዶላር አንድ ሳንቲም ቢጨምሩ የመጀመሪያው 300 ሺህ ዶላር ያገኛል። ለአንድ ልጅ 50 ዶላር መሆኑ ነው። ሁለተኛው 6 ሚሊዮን ያገኛል፤ ለአንድ ልጅ 200 ዶላር።

ስለዚህ ደሃው ካውንቲ ከሀብታሙ እኩል ለመሆን አራት እጥፍ መጫን አለበት። ያውም አነስተኛ ገቢ ባለው ሰው ላይ። በዚያ ላይ የእርሻና የደን መሬት፣ ባለቤቱ አመልክቶ ከተፈቀደለት፣ በገበያ ዋጋው ሳይሆን በሚሰጠው አገልግሎት ዝቅ ብሎ ይገመታል። ለገበሬው ተገቢ ነው። ለትምህርት ቤቱ ግን የሚቀረጠው ንብረት ይቀንሳል። በገጠር ከፍ ያለ የግብር መጣኔና የሚያፈስ ጣሪያ አብረው ቢገኙ አይግረማችሁ።

ወሰኑን እንደ ወንዝና ተራራ ማየት

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ካርታ ላይ መስመር ስናይ ከጥንት የነበረ ይመስለናል። መስመሩን ያሰመረ ሰው አለ፤ ያሰመረበት ቀንም አለ።

እዚያው ሃሊፋክስ ውስጥ ስኮትላንድ ኔክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1968 የፌዴራሉ መንግሥት ካውንቲውን "ጥቁርና ነጭ ልጆችን ለይታችሁ ማስተማር አቁሙ" ብሎ ያዘው። በዚያ ዓመት ካውንቲው 10,655 ተማሪዎች ነበሩት፤ 77 በመቶዎቹ ጥቁሮች ናቸው። ልጆቹ ይቀላቀሉ በተባለ ማግስት የስቴቱ ምክር ቤት መጋቢት 3 ቀን 1969 አንድ ሕግ አወጣ። ስኮትላንድ ኔክ ከካውንቲው ተገንጥላ የራሷን ስኩል ዲስትሪክት እንድታቋቁም የሚፈቅድ ሕግ ነው። በወሩ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። 813 ሰው ደገፈ፣ 332 ተቃወመ። አዲሱ ዲስትሪክት 695 ልጆች ይኖሩታል፤ 399ኙ ነጮች።

ሕጉ ሌላም ነገር ነበረው። ከተማዋ ለራሷ ትምህርት ቤት በመቶ ዶላር እስከ 50 ሳንቲም ተጨማሪ ግብር እንድታስከፍል ፈቀደ። መስመሩና ግብሩ በአንድ ወረቀት ላይ ነው የተጻፉት። "ይሄ የወሰን ጉዳይ ነው፣ ያኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው" ብሎ ለሚለያይ ሰው ይቺን ወረቀት ባሳየው ደስ ይለኛል።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ከተማዋ "ትምህርት ቤታችንን ራሳችን እናስተዳድር፣ ገንዘብም እንጨምርለት፣ ነጮቹም ወደ ግል ትምህርት ቤት እንዳይሸሹ ነው" አለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 22 ቀን 1972 አልተቀበላትም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት 91 በመቶ ጥቁር ሆኖ ሊቀር ነበር። ነጭ ይሸሻል የሚለው ስጋት የመለያየት ምክንያት አይሆንም ተባለ።

ስኮትላንድ ኔክ ቀረች። ቀድሞ የተሰመሩት የሮኖክ ራፒድስና የዌልደን መስመሮች ግን እስከ ዛሬ አሉ።

መስመር ደግሞ ይሰረዛል። የራሌ ከተማና የዌክ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች በ1976 ተዋሃዱ። የደርሃም ከተማና ካውንቲ በ1992። ዛሬ ዌክ ልጆቻችሁን የምታስተምሩ ሰዎች አንድ ጊዜ በተሰረዘ መስመር ላይ ነው የምትኖሩት።

የንብረት ግብሩን ብቻ ማየት

የግብር ወረቀቱ በፖስታ ሲመጣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና መስመር በመስመር አንብቡት። የካውንቲ፣ የከተማ፣ የእሳት አደጋ እያለ ይወርዳል። የራሱ ተጨማሪ ግብር ያለው ዲስትሪክት ውስጥ ከሆናችሁ የትምህርት ቤት የሚል መስመር አለ። አብዛኛው ሰው የመጨረሻውን ድምር ብቻ አይቶ፣ ተንፍሶ፣ ወረቀቱን ያጥፈዋል። ቁም ነገሩ ግን ያቺ አንድ መስመር ናት።

ለምን? በሽያጭ ታክስ ምክንያት። ስቴቱ ከሽያጭ ታክስ ላይ የካውንቲውን ድርሻ ይመልስለታል። ኮሚሽነሮቹ፣ ማለት ካውንቲውን እንዲያስተዳድሩ የተመረጡት ሰዎች፣ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ ማለት በፈረንጆቹ ኤፕሪል፣ የአከፋፈሉን መንገድ ይመርጣሉ። አንዱ በሕዝብ ቁጥር ማካፈል ነው። ሌላው የንብረት ግብር ለሚያስከፍል አካል ሁሉ፣ በሚያስከፍለው ልክ ማካፈል ነው።

ሃሊፋክስ ሁለተኛውን መረጠ። ሮኖክ ራፒድስና ዌልደን የራሳቸው የትምህርት ቤት ግብር ስላላቸው ከሽያጭ ታክሱም ድርሻ አገኙ። የገጠሩ ዲስትሪክት የራሱ ግብር የለውም። ስለዚህ ከዚያ መንገድ ምንም አላገኘም።

እስቲ አስቡት። የገጠሩ ሰው ዕቃ ሲያምረው የሚሄደው ትልልቆቹ ሱቆች ወዳሉበት ወደ ሮኖክ ራፒድስ ነው። ለልጁ ጫማ ይገዛል፣ ታክሱን ይከፍላል። ከከፈላት ሳንቲም ከፊሏ ተዟዙራ የከተማው ልጆች ትምህርት ቤት ትገባለች። የራሱ ልጅ ትምህርት ቤት ከዚያች ሳንቲም ድርሻ የለውም። ሕገ ወጥ አይደለም። ማንም ሌባ አልነበረም። ለዚህ ነው የሚከብደው፤ የሚጮህበት ሰው የለም።

የተፈረደልን ዕለት ገንዘቡ ይመጣል ብሎ ማሰብ

የፌዴራሉ በር በ1973 ተዘግቷል። ከሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ የመጡ ደሃ ወላጆች የግብሩን አሠራር ከሰው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። አምስት ለአራት ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ትግሉ በየስቴቱ ሆነ።

ሃሊፋክስ ከሌሎች አራት ደሃ ካውንቲዎች ዲስትሪክቶች ጋር ሆኖ በ1994 ኖርዝ ካሮላይናን ከሰሰ። ጉዳዩ ሊያንድሮ በሚል ስም ይታወቃል። በ1997 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እያንዳንዱ ልጅ በቂ መሠረታዊ ትምህርት የማግኘት ሕገ መንግሥታዊ መብት አለው አለ። ግሩም ፍርድ ነው። በ2004 እንደገና ጸና። በ2022 ፍርድ ቤቱ ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከስቴቱ ካዝና እንዲተላለፍ አዘዘ። ምርጫ ተካሂዶ የዳኞቹ ስብስብ ሲቀየር፣ በወራት ውስጥ ያው ፍርድ ቤት ዝውውሩን አገደ። በ1994 የስድስት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው በ2022 ሠላሳ አራት ሞልቶታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

በ2015 የሃሊፋክስ ወላጆች ሌላ መንገድ ሞከሩ። "ሦስት ዲስትሪክት ማቆየቱም፣ ሽያጭ ታክሱን እንዲህ ማካፈሉም ልጆቻችንን ይጎዳል" ብለው የካውንቲውን ኮሚሽነሮች ከሰሱ። በ2018 ተሸነፉ። ፍርድ ቤቱ ያለው በአጭሩ ይሄ ነው፤ የትምህርት ግዴታው የስቴቱ እንጂ የካውንቲው አይደለም፣ ስለዚህ በዚህ ካውንቲውን መክሰስ አይቻልም።

ክስ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ሳይከሰስ የተቀየረ ነገር ትንሽ ነው። ግን ፍርዱን እየጠበቁ የዘንድሮውን ባጀት መተው ልጁን ያስቀጣል።

ወይ ሁሉንም በገንዘብ፣ ወይ ሁሉንም በመምህር ማሳበብ

በ2009 የሊያንድሮን ጉዳይ የያዙት ዳኛ ሃዋርድ ማኒንግ በሃሊፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች እየተፈጸመ ያለውን "የትምህርት ዘር ማጥፋት" ብለው ጠሩት። ከባድ ቃል ነው። ያነጣጠሩትም በአስተዳደሩና በክፍሉ ውስጥ ባለው ሥራ ላይ ነበር። ልክ ነበሩ፤ ማንበብ ሳይችል ከክፍል ክፍል የሚያልፍ ልጅ ገንዘብ ብቻ አይደለም የጎደለው። ሆኖም ጥሩ መምህር ለምን አይቆይም ብላችሁ ጠይቁ። ስቴቱ ለሁሉም መምህር መነሻ ደመወዝ ይከፍላል። ካውንቲው ከራሱ ይጨምራል። እንደ ዌክ ያለው ብዙ ይጨምራል፣ ደሃው ትንሽ። ወጣቷ መምህርት ሁለት ዓመት ገጠር ሠርታ፣ ሥራውን ለምዳ፣ ከተማ ትገባለች። ማን ይፈርድባታል?

ውህደት ብቻውን ያድናል ማለት

ውህደትን እደግፋለሁ። ግን ሦስት ደሃ ቢደመር ሀብታም አይወጣውም። አውቶቡሱ ይረዝማል፣ ገና ሳይነጋ መንገድ ላይ የሚቆም ሕፃን ይኖራል። የትምህርት ቤቱ ስምና የኳስ ቡድኑ ሲጠፋም ሰው ያለቅሳል፤ ይሄን መናቅ ነው ብዙ የውህደት ሐሳብ ያበላሸው።

የተሳሳተ በር ማንኳኳት

አንድ ጊዜ እኔ በምኖርበት ካውንቲ የኮሚሽነሮች ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዲት የስኩል ባስ ሹፌር የሆኑ እናት ተራቸው ደርሶ ተነሱ። ማይክሮፎኑ ፊት ሰዓት አለ፤ ከሦስት ደቂቃ ወደ ታች ይቆጥራል። የልጅ ልጃቸው ክፍል ውስጥ ጣሪያው ሲያንጠባጥብ ባልዲ እንደሚቀመጥ መናገር ጀመሩ። ባለፈው ወር ይሄንኑ ለትምህርት ቦርዱ ተናግረው "ገንዘቡ እኛ ጋ አይደለም" ተብለዋል። ስለ ባልዲው፣ ስለ ሽታው፣ ስለ ልጁ ሳል ሲያወሩ ሰዓቱ ጮኸ። የጠየቁት ነገር ምን እንደሆነ ሳይናገሩ "እናመሰግናለን፣ ቀጣይ" ተባሉ። ወረቀታቸውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ሲያስገቡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቦርዱ አልዋሻቸውም። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ የትምህርት ቦርድ በራሱ ግብር መጣል አይችልም። ስለ መጽሐፍ፣ ስለ መምህርና ስለ ትምህርት ቤት ምደባ ከሆነ ቦርዱ ጋ ሂዱ። ሕንፃ፣ ጣሪያና የመምህር ተጨማሪ ክፍያ ከሆነ ኮሚሽነሮቹ ጋ። መነሻ ደመወዝና አዲስ ሕግ ከሆነ ራሌ ያለው የስቴቱ ምክር ቤት ጋ። የሽያጭ ታክሱ አከፋፈል የሚወሰነው ሚያዝያ ላይ ነው። የካውንቲው ባጀት ዓመት የሚጀምረው በጁላይ 1 ስለሆነ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማው ከዚያ በፊት ነው። ነሐሴ ላይ ትምህርት ሲከፈት ተናዳችሁ ብትሄዱ ባጀቱ ጸድቆ አልቋል።

ስትሄዱ የምትጠይቁትን ነገር በመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ስንት ዶላር፣ ለየትኛው ሕንፃ፣ ከየትኛው መስመር። ባልዲውን ከዚያ በኋላ ንገሯቸው።