«ተጋመዱ» ወይስ «ተጠላለፉ»? ግሱን እንዲህ ምረጡት

የአክስቴ ልጅ ቢቸና ላይ ስትዳር ንግግር አድርግ ተባልኩ። ወረቀት ይዤ ተነሳሁ። «ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱ ቤተሰቦች ተጠላልፈዋል» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ዳሱ ሙሉ ሳቀ። አጎቴ ከተቀመጠበት፣ «አንተ ልጅ፣ ጠለፋ ነው እንዴ? ተጋመዱ በል እንጂ!» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሮች እርስ በርስ ሲጠመዘዙና ሲያያዙ የትኛውን ግስ መጠቀም እንዳለብኝ ሳላስብ አልጽፍም፤ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ገመዱን ተመልከቱ፣ ምክንያቱም ምሳሌያዊው ትርጉም በሙሉ የወጣው ከእሱ ነው። አጎቴ ሲገምድ ቃጫውን ውሃ ያስነካና ለሁለት ይከፍለዋል። ጫፉን በእግሩ አውራ ጣት ይይዛል። እያንዳንዱን ለብቻው ጭኑ ላይ አድርጎ በመዳፉ ወደ ፊት ያሽከረክረዋል፣ ጥሩ አድርጎ እስኪከር ድረስ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ወደ ኋላ ይመልሳቸዋል። ሚስጥሩ ይቺ መመለስ ናት። ሁለቱንም ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ካዞራችሁት፣ ስትለቁት ተመልሶ ይፈታል። በተቃራኒ ካዞራችሁት ግን አንዱ ልፈታ ባለ ቁጥር ሌላውን ያጠብቀዋል፤ ገመዱ በሬ የሚያስረው ለዚህ ነው።

እዚች ላይ ሁለት ግስ አያችሁ፤ ከረረ እና ተጋመደ። ከረረ የአንዱ ክር የብቻ ጉዳይ ነው። ተጋመደ ሁለት ይፈልጋል። ደግሞ ልብ በሉ፣ ገመድ ውስጥ ሁለቱ ክሮች አልተዋሃዱም፣ አልተቀላቀሉም፤ ለይታችሁ ልታሳዩአቸው ትችላላችሁ። ስለዚህ ተጋመደን የምትጠቀሙት ሁለቱ ነገሮች ማንነታቸውን ሳይለቁ አንዱ ያላንዱ የማይቆም ሲሆን ነው። «የአርሶ አደሩ ኑሮና የበሬው ጤና የተጋመደ ነው» ያምራል። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ አገር በሆኑበት በጎጃም ደግሞ «በዚህ ቅኔ ሰሙና ወርቁ ተጋምደዋል» ብትሉ ማንም አይስቅባችሁም። ሻይና ስኳር ግን አይጋመዱም፤ ስኳሩ ሟሙቶ አልቋል።

አሁን ፊደሏን ተጠንቀቁ። ተገመደ እና ተጋመደ ልዩነታቸው ገ እና ጋ ናት፣ ግን ትርጉሙ ይገለበጣል። ገመዱ ተገመደ፤ አንድ ሰው ገመደው ማለት ነው። ሁለቱ ተጋመዱ፤ እርስ በርሳቸው ተያያዙ። መሀል ገብቶ ያያዛቸው ካለ አጋመደ ነው፦ «ትዳሩ ሁለቱን ቤት አጋመደ።» ሥራው በጥድፊያና በግዴለሽነት ከሆነ ገማመደ፦ «ገማምዶ ወረወረልኝ።» የቆሎ ተማሪ ግስ ሲያረባ እንደዚሁ ነው፣ አንዱን ሥር ይዞ ዙሪያውን ይዞረዋል። ጋርን አትርሱ፤ «ኑሮዬ ከእሷ ኑሮ ጋር ተጋምዷል» እንጂ «ለእሷ ተጋምዷል» አይባልም።

ተካረረ ለጠብ ነው። ክሩ ከልክ በላይ ሲዞር ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፣ ይበጠሳል። «የድንበር ክርክሩ ተካረረ» ስትሉ ሰሚው ቀጥሎ የሚመጣውን ይጠብቃል። ስለዚህ ቀለል ላለ አለመግባባት አታባክኑት።

ተጠላለፈ የማንም ፍላጎት ያልሆነ ነገር ነው። እግር ይጠላለፋል፣ የስልክ ቻርጀር ኪስ ውስጥ ይጠላለፋል፣ የሰው ወሬ ይጠላለፋል። ብዙ ጫፍ ይፈልጋል። አንድ ሰው ብቻ መሀል ላይ ታስሮ ከሆነ ግን ተተበተበ በሉ፣ በ-ንም ጨምሩ፦ «በእዳ ተተብትቧል።» ተወሳሰበ የቢሮ ቃል ነው። አይከፋም፣ ግን «ጉዳዩ ተወሳስቧል» ሲባል ብዙ ጊዜ «ነገ ና» ለማለት ነው።

ጎነጎነ እና ሸረበ ፀጉር ላይ ሲሆኑ ውበት ናቸው። ሴራ ላይ ሲሆኑ ተንኮል። ለምን ብትሉ፣ ሹሩባ ሲያልቅ የትኛው ዘለላ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ አይታይም። ስለዚህ ድብቅነት ከሌለበት «ሴራ ጎነጎነ» አትበሉ፤ ፊት ለፊት የተጣላ ሰው ሴረኛ አይደለም።

ጠመዘዘ ጓደኛ አይፈልግም። አንድ ነገር ብቻውን ይጠመዘዛል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ዓባይ በረሃን ስታቋርጡ ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ ሆዳችሁ ያውቀዋል። እጅ ጠመዘዘ ሲባል ደግሞ ሳይወድ በግድ አስደረገው ነው። «ንግግሬን ጠመዘዘብኝ» ስትሉም ያው፤ ቃሉ የእናንተ ነው፣ አቅጣጫው የሌላ ሰው።

ግራ ከገባችሁ ልቃቂት አስቡ። የተፈተለ ጥጥ ሲጠቀለል ጫፉ ውል ይባላል። ውሉን ካገኛችሁት ነገሩ የተገመደ ወይም የተጎነጎነ ነው፣ ከዚያ ጀምሮ ይተረተራል። «ውሉ የጠፋ ልቃቂት» ከሆነባችሁ ተጠላልፏል።

ዘንድሮ የሰርግ ንግግሩ ተራ የታናሽ ወንድሜ ነው። ወረቀቱን ቀድሜ አየሁት፦ «እንደ ጥማድ በሬ ተጠማመዱ» ይላል። በሬ ይጠመዳል፣ እሺ። ሰውና ሰው ተጠማመዱ ከተባለ ግን ቂም ተያይዘዋል ማለት ነው። በእስክሪብቶ ሰርዤ «ተጋመዱ» ብዬ ጻፍኩለት። አጎቴም ዳሱ ውስጥ ስለሚኖር።