የክንድ አጥንት ላይ ቀዳዳ ብታገኙ

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ የጥንት ሰው የክንድ አጥንት አሳዩኝ። ክርኑ ጋ ትንሽ ቀዳዳ አለው። «ይሄማ በጦር የተወጋ ነው!» አልኩ። ባለሙያው በሳቅ ፈረሱ። ቀዳዳው ሰውየው ሲያድግ የመጣ ነበር፤ የወጋው የለም።

የምኖረው አለም ገና ነው። ከዚህ ወደ ቡታጅራ ሲሄዱ መልካ ቁንጡሬ ይገኛል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ የሆነው። እዚያ አዋሽ ዳር፣ ጎምቦሬ ከሚባለው ስፍራ፣ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው የላይኛው ክንድ አጥንት ቁራጭ ወጥቷል። የክርኑ ጫፍ ነው። እሱን ለመረዳት ግን ከራሳችሁ ክንድ ጀምሩ።

ክርናችሁን አጥፉና ዳስሱ። ከኋላ የሚቆረቁረው ሹል የታችኛው ክንድ አጥንት ነው። ክንዳችሁን ስትዘረጉ ላይኛው አጥንት ጀርባ ላይ ካለ ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል። ጎድጓዳውን በዓይን ማየት ከፈለጋችሁ በበዓል የበግ ወርች ሲቀቀል አጥንቱን አትጣሉ።

አሁን የሰው አጥንት ወይም የፕላስቲክ ሞዴል ያዙ። ክቡ ራስ ወደ ላይ፣ ጎድጓዳው ወደ እናንተ ይሁን። ራሱ ወደ ቀኛችሁ ካዘነበለ የግራ ክንድ ነው። እኔ ይሄን ስንት ጊዜ አምታትቻለሁ!

ቀጥሎ ወደ መስኮት አንሱት። በጎድጓዳው ብርሃን ካለፈ ጠርዙን እዩ፤ ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ለስላሳና ክብ ከሆነ፣ ቀለሙም ከሌላው አጥንት ጋር ከተመሳሰለ፣ ተፈጥሯዊ ነው። ሹልና ነጣ ያለ ከሆነ በቁፋሮ ጊዜ የተሰበረ ነው። እዚያ ቦታ አጥንቱ እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይበሳል። ተፈጥሯዊው ቀዳዳ በሴቶችና በግራ ክንድ ላይ ይበዛል።

ከክርኑ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ፣ ከፊት በውስጥ በኩል፣ ጣታችሁን አንሸራቱ። ከመቶ ሰው አንድ ገደማ ትንሽ እሾህ የመሰለ ጉብታ አለው።

በመጨረሻ ቀኝና ግራውን ለየብቻ ለኩ። ቀኙ ትንሽ ቢረዝም ወይም ቢወፍር አትደንግጡ፤ አብዛኛው ሰው ቀኝ እጁን ነው የሚያሠራው።

እዚህ ሰፈር ደግሞ መሠረት የማይቆፈርበት ቀን የለም። አጥንት ከወጣ አካፋውን አቁሙ። አታጥቡት፣ አታንሱት። ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱና ለፖሊስ ወይም ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ንገሩ።