አሽከርካሪና ብስክሌተኛ በአንድ መንገድ፦ ጠብና አደጋ የሚያመጡ ስህተቶች

አሽከርካሪው «መንገድ ዘጋብኝ» ይላል፤ ብስክሌተኛው «ሊገድለኝ ነበር» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንዲት ቅጽበት ነው፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱም አልዋሹም። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብስክሌተኛው ፊት ያለውን ጉድጓድ አያይም። ፔዳል የሚመታው ደግሞ የከባድ መኪና መስታወት የትኛውን ቦታ እንደማያሳይ አያውቅም። ስለዚህ አንዱ ነፍሱን ለማዳን ያደረገውን ሌላው ንቀት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ነገሩም ከዚያ ይከራል።

ይህ ከስድብ የዘለለ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ይሞታሉ፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪናና ብስክሌት ሲጋጩ የሚጎዳው ማን እንደሆነ የታወቀ ስለሆነ፣ ከአሽከርካሪዎች ስህተት እጀምራለሁ።

ብስክሌተኛውን «ዳር ያዝ!» ማለት

ከሁሉም በላይ ጠብ የሚያነሳው ይህ ነው። ከመኪና መቀመጫ ሲታይ የመንገዱ ዳር ባዶ ይመስላል። ብስክሌተኛው ግን እዚያ የሚያየው ጠጠር፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የታቆረ ውሃና የፍሳሽ መውረጃ ፍርግርግ ነው። የፍርግርጉ ብረቶች መንገዱን ተከትለው በቁመት የተገጠሙ ከሆነ ቀጭን ጎማ በመካከላቸው ይሰምጣል፤ ብስክሌቱ ባለበት ይቀራል፣ ነጂው ግን በመሪው ላይ ተወርውሮ ይወድቃል። ዳር ላይ መኪኖች ቆመው ከሆነ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የመኪና በር ወለል ብሎ ሲከፈት አንድ ሜትር ገደማ ወደ መንገዱ ይወጣል። ልምድ ያለው ብስክሌተኛ ከቆሙ መኪኖች ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ የሚነዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠርዙ ላይ ተለጥፎ የሚሄድ ሰው ሌላም ችግር አለበት፤ ጉድጓድ ሲያጋጥመው የሚሸሽበት አቅጣጫ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ወደ መኪናው ነው። መንገዱ ጠባብ ሲሆን ወደ መሃል መውጣቱም ከዚሁ ይመጣል። እዚያ ቦታ ላይ በደህና መቅደም አይቻልምና፣ ለመሞከር የሚፈልገውን ሰው አስቀድሞ መከልከሉ ነው። የብሪታንያ የመንገድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሻሻል ብስክሌተኞች ጸጥ ባሉ መንገዶች ላይ፣ ትራፊኩ ቀስ ብሎ በሚሄድበት ጊዜና ወደ መጋጠሚያ ሲቃረቡ የረድፋቸውን መሃል ይዘው እንዲነዱ በግልጽ መክሯል። እርስዎን እንደ መዳፈር ሆኖ የታየዎት ነገር ለእሱ ራሱን የመጠበቂያ መንገድ ነው።

ክፍተቱ ሳይበቃ መቅደም

ብስክሌት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስላል እንጂ አይሄድም። ሚዛኑን የሚጠብቀው ነጂው መሪውን ያለማቋረጥ በጥቂት በጥቂቱ እያዛወረ ስለሆነ ሁልጊዜም ይወላውላል፤ ዳገት ላይ ፍጥነቱ ሲቀንስ ደግሞ ይብሳል። የጎን ነፋስ ይገፋዋል። ትልቅ አውቶቡስ በቅርብ ሲያልፍ መጀመሪያ አየሩ ይገፈትረዋል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ራሱ ይስበዋል። ስለዚህ አንድ ክንድ የሚያህል ክፍተት ከውስጥ ሆኖ ለሚያየው በቂ ቢመስልም ከውጭ ላለው ሰው የሞት ቅርበት ነው።

በርካታ አገሮች መጠኑን በሕግ ወስነዋል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2020 በከተማ ውስጥ ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ ቢያንስ 2 ሜትር እንዲሆን ደንግጋለች። በፈረንሳይ በከተማ 1 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 1.5 ሜትር ነው። ይህን ያህል ቦታ ለመስጠት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላው ረድፍ መውጣት ግድ ይላል። ስለዚህ ከፊት መኪና እየመጣ ከሆነ ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ከኋላ ሆኖ መጠበቅ።

«መጠበቁ ያዘገየኛል» ለሚል ሰው ስሌቱ ቀላል ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 300 ሜትር ለመጨረስ 22 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ ብስክሌተኛ ኋላ ሆኖ ይህንኑ ርቀት ቢጓዝ 54 ሰከንድ ይወስድበታል። የዘገየው 32 ሰከንድ ነው። በከተማ ውስጥ ደግሞ ይህችን ጊዜ የሚቀጥለው ቀይ መብራት ይወስዳታል፤ ተቆጥቶ የቀደመው መኪና መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆሞ ሳለ የተቀደመው ብስክሌተኛ አጠገቡ መጥቶ ሲቆም ማየት የተለመደ ነው።

ቀድሞ ወዲያው መታጠፍ

አሽከርካሪው ብስክሌተኛውን ቀድሞ ያልፍና ሃያ ሜትር እንኳን ሳይሄድ በፊቱ ይታጠፋል። ብዙዎች ይህን የሚያደርጉት በክፋት ሳይሆን «ብስክሌት ቀርፋፋ ነው» ብለው ስለሚያስቡ ነው። በደህና የሚነዳ ሰው ግን በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ሜትር ይጓዛል። እርስዎ ለመታጠፍ ፍጥነት ሲቀንሱ እሱ አጠገብዎ ደርሷል፤ መኪናው በድንገት እንደ ግድግዳ ፊቱ ላይ ይቆማል። መታጠፊያው ቅርብ ከሆነ ከኋላው ይቆዩ፣ ፍሬቻ ቀደም ብለው ያሳዩ፣ ከመታጠፍዎ በፊትም በስፖኪዮ ብቻ ሳይሆን አንገትዎን ዞር አድርገው ይመልከቱ።

ከኋላ ተጠግቶ ክላክስ መንፋት

ለማስጠንቀቅ አስቦ የሚነፋም አለ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ክላክስ የተሠራው የተዘጋ መኪና ውስጥ ላለ ጆሮ ነው። ከሦስት ሜትር ርቀት ጆሮው ክፍት በሆነ ሰው ላይ ሲጮህ ያስደነግጠዋል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ዞር ሲል መሪውንም ይዞት ይዞራል። ማሳወቅ ካስፈለገ ከሩቅና በአጭሩ ይበቃል።

ወደ ኋላ ሳያዩ በር መክፈት

ይህ ከሁሉም በቀላሉ የሚታረመው ስህተት ነው። ከበሩ በሚርቀው እጅዎ በሩን ይክፈቱ፤ በስተግራ ከተቀመጡ በቀኝ እጅ፣ በስተቀኝ ከተቀመጡ በግራ እጅ። እጁ ወደ መክፈቻው ሲሻገር ትከሻ አብሮ ይዞራል፣ ፊት ይከተላል፣ ዓይን መጀመሪያ ስፖኪዮው ላይ ያርፍና ቀጥሎ በመስኮቱ በኩል ከኋላ የሚመጣውን ያያል። ሰውነት በግድ ስለሚዞር ማየትን ለማስታወስ መሞከር አያስፈልግም። ዘዴው ከኔዘርላንድስ ጋር ተያይዞ ይጠራል፤ የብሪታንያ ደንብም በ2022ቱ ማሻሻያ አካቶታል። ከኋላ የተቀመጡ ተሳፋሪዎች፣ በተለይም ልጆች፣ ይህን እንዲለምዱት ማድረግ የአሽከርካሪው ኃላፊነት ነው።

ከከባድ መኪና ጎን መቆም

አሁን ወደ ብስክሌተኞች ልምጣ። በሙሉ ልብ የምለምናችሁ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ በከባድ መኪናና በመንገዱ ጠርዝ መካከል በፍጹም አትግቡ።

ቀይ መብራት ላይ የቆመ ከባድ መኪና በጎኑ ሰፊ ክፍተት ትቶ ሲቆም የሚጋብዝ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ያንን ክፍተት የተወው ለመታጠፍ ስለሚዘጋጅ ነው። ረጅም ተሽከርካሪ ሲታጠፍ የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ አቋርጠው ወደ ጠርዙ ይጠጋሉ። ፊቱ ሲታይ ከእናንተ እየራቀ ነው፤ በዚያው ሰዓት መሃል አካሉ ወደ እናንተ እየቀረበ ነው። ሰፊ የነበረው ቦታ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይጠብባል፤ በአንድ በኩል የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ፣ በሌላው በኩል ጎማ አለና ማምለጫ የለም።

ሾፌሩ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ሁሉን ያያል ብላችሁ አትገምቱ። ከፍታው ሩቁን ያሳየዋል እንጂ ቅርቡን ይሸፍንበታል። ከመኪናው አፍንጫ ሥርና ከተሳፋሪው በር በታች የቆመ ሰው ከነብስክሌቱ ሊሰወርበት ይችላል። ችግሩ የታወቀ በመሆኑ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በአዳዲስ የከባድ መኪና ሞዴሎች ላይ በጎን ያለ ብስክሌተኛን የሚጠቁም መሣሪያ እንዲገጠም አስገድዷል። አሮጌዎቹ መኪኖች ግን ገና ብዙ ዓመት መንገድ ላይ ይቆያሉ። የሾፌሩን ፊት በመስታወቱ ውስጥ ካላያችሁት እሱም እናንተን አላያችሁም። ከኋላው ቁሙ፤ መብራቱ ሲለቀቅ ይሂድላችሁ።

ከትራፊኩ አቅጣጫ በተቃራኒ መንዳት

«የሚመጣውን መኪና ባየው ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ ለእግረኛ ይሠራል፤ ለብስክሌት አይሠራም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪናና በሰዓት 20 የሚሄድ ብስክሌት በአንድ አቅጣጫ ቢጓዙ የሚቀራረቡት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፊት ለፊት ሲመጡ ግን በ70። አሽከርካሪው ከ60 ሜትር ርቀት ቢያያችሁ በመጀመሪያው ሁኔታ 7 ሰከንድ ያህል አለው፣ በሁለተኛው 3 ብቻ። በዚያ ላይ ከጎን መንገድ የሚወጣ አሽከርካሪ የሚያየው መኪና ወደሚመጣበት አቅጣጫ ነው። እናንተ ከማይጠብቅበት ወገን ትመጣላችሁ።

ያለ መብራት ማምሸት

ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት፤ ይህ በብዙ አገር ሕግ ነው። እኔ ማየቴ መታየቴ ነው ብሎ ማሰብ የብስክሌተኞች የተለመደ ስህተት ነው፤ የጎዳና መብራት ለእናንተ መንገዱን ቢያሳይም ለአሽከርካሪው እናንተን ላያሳይ ይችላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና አሽከርካሪው ደንግጦ ፍሬን ለመርገጥ በሚወስድበት አንድ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ይጓዛል። የፔዳል አንጸባራቂን አትናቁ። ከእግር ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚንቀሳቀስ፣ የሚታየው ነገር ሰው መሆኑን ከሩቅ ያስታውቃል።

ቀይ መብራት መጣስ፣ ጣሹንም አይቶ ሁሉንም መኮነን

ይህ የሁለት ወገን ስህተት ነው። አንዳንድ ቦታ ሕጉ ራሱ ለብስክሌት ይለያል፤ ለምሳሌ በአሜሪካዋ የአይዳሆ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ብስክሌተኛ የ«ቁም» ምልክት ላይ መንገዱ ክፍት ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ማለፍ ይፈቀድለታል። ሕጉ ባልፈቀደበት ቦታ ግን ቀይ ቀይ ነው። በመሃል የሚሻገር እግረኛ አለ፤ ለእሱ ብስክሌተኛው ራሱ ፈጣንና ከባድ ነው።

አሽከርካሪዎች ደግሞ አንዱ ሲጥስ አይተው ለሚቀጥለው ብስክሌተኛ መንገድ መንፈጋቸው ፍትሕ አይደለም። አንድ መኪና በፍጥነት ሲበር ያየ ሰው ሁሉንም አሽከርካሪ አይረግምም።

«መንገዱ የተሠራው በእኛ ግብር ነው» ማለት

አሽከርካሪዎች ይህን ይላሉ፤ ነገር ግን ብዙ ብስክሌተኞች መኪናም አላቸው፤ የሌላቸውም ግብር ይከፍላሉ። በመንገዱ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ካነሳን ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ኢሊኖይ በተደረገ ትልቅ የመንገድ ሙከራ ላይ የተመሠረተ ግምት አለ፤ ተሽከርካሪ በአስፋልት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአንድ አክስል (የጎማዎች ዘንግ) ላይ ያለው ክብደት ለአራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ የሚታሰብ ያህል ይጨምራል። በዚህ ስሌት የአንድ መለስተኛ መኪና አክስል ከብስክሌት ጎማ 15 እጥፍ ቢከብድ ጉዳቱ ከ50 ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ክርክሩን እዚህ ላይ መተው ይሻላል።

እዚያው መንገድ ላይ መፋለም

በጠባብ የታለፈ ብስክሌተኛ ልቡ እየመታ ነው፤ ተከታትሎ ደርሶ ስፖኪዮውን በጡጫ ይመታል። አሽከርካሪው በተራው ፍሬን በድንገት ይረግጥበታል ወይም ወደ ጠርዙ ይገፋዋል። ይህ ሁለተኛው ድርጊት መኪናን መሣሪያ ማድረግ ነው፤ በብዙ አገርም በወንጀል ያስጠይቃል። አሽከርካሪ ከሆኑ ፍጥነት ይቀንሱ፣ ርቀትዎን ያስፉ፣ ምላሽ አይስጡ። ብስክሌተኛ ከሆናችሁ ከመንገዱ ወጥታችሁ ቁሙ፤ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የመኪናውን ቀለም፣ ቦታውንና ሰዓቱን ሳይረሳ ጻፉ፣ ያየ ሰው ካለ አነጋግሩ፣ ከዚያም ለትራፊክ ፖሊስ አመልክቱ። የድርጅት ስም የተጻፈበት መኪና ከሆነ ለድርጅቱም መንገር ይጠቅማል፤ ሾፌሩን ጠርቶ የማነጋገር ሥልጣን ያለው አለቃው ነውና።